«ተቀበሉን» ያለበት ጥር

ሮወና ፈርገስን መጀመሪያ ሰማችው እንጂ አላየችውም። ሐምሌ ገና መግባቱ ነው። ቤሪክ አውቶቡስ ተራ፣ የትምህርት ቤት ክራቫቷን አላልታ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከባሕሩ የተነሣው ጉም ከቀትር ጀምሮ ከተማውን ውጦታል። ከኋላዋ አንድ ድምፅ፣ «ምስኪን፣ እናንተ ገና ትማራላችሁ?» አላት።

ዞር ስትል ጸጉሩ የረጠበ፣ ጫማውን በእጁ ያንጠለጠለ ረጅም ልጅ ቆሟል። አንገቱ ላይ የጣለው ፎጣ የአይመዝ ዋና ክበብ ስም ተጠልፎበታል። አይመዝ ከቤሪክ በአውቶቡስ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ግን ቤሪክ እንግሊዝ፣ አይመዝ ስኮትላንድ ነውና ድንበሩ መሐል ላይ አለ፤ ድንበሩን ከተሻገሩ ደግሞ ትምህርቱ ሌላ፣ ፈተናው ሌላ፣ ዕረፍቱም ሌላ ነው። የስኮትላንድ ልጆች ሰኔ ሲያልቅ ደብተራቸውን ወርውረው ባሕር ይገባሉ። እንግሊዞቹ ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ክፍል ውስጥ ይቀቀላሉ። የድንበር ሰው ይህን መሳለቂያ አድርጎ ነው የሚያድገው።

ሮወና አልሳቀችም። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና፣ «ነሐሴ አጋማሽ ላይ እንተያያለን» ብላው አውቶቡሷ ውስጥ ገባች።

ተያዩም። የስኮትላንድ ትምህርት ቤት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን፣ ሮወና ገና ዕረፍት ላይ ናትና በጠዋት ተነሥታ አይመዝ ሄደች። አይመዝ ያለው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ማግኘቱ አላስቸገራትም። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ወጥታ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ በዚያ በጠዋቱ አይስክሬም ትልስ ጀመር። ፈርገስ ደንብ ልብሱን ለብሶ ሲመጣ አያትና ቆመ። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጓደኞቹ ጥለውት ገቡ፤ ደወሉ ተደወለ፤ እሱ እዚያው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰው ለብሽቀት ብቻ ብሎ ያን ያህል መንገድ አይሄድም፤ ልጅቷ ያኔውኑ በፍቅር ተይዛለች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ የሁለቱ ሆነ። ክርክራቸው ግን አላባራም። ፈርገስ በዚያው ነሐሴ የአምስት ትምህርት ውጤት በፖስታ መጥቶለት ነበር፤ አምስቱንም በአንድ ዓመት ተምሮ፣ በአንድ ሰሞን ተፈትኖ፣ አንዱንም ሳይጥል አልፏል። ቢፈልግ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችል ነበር። እናቱ ናት «ገና ልጅ ነህ፣ አንድ ዓመት ብስል በል» ብላ ያስቀረችው። ሮወና ደግሞ ሦስት ትምህርት ብቻ ይዛ ሁለት ዓመት ትማራለች፤ ዕጣዋ የሚታወቀው ግን ሁሉም አልቆ በመጨረሻው ፈተና ነው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ትምህርት» አላት አንድ ቀን፣ ወደቡ ላይ ኮምጣጤ የፈሰሰበትን የድንች ጥብስ እየተሻሙ። «ምን ልታደርጉት ነው፣ ልታገቡት?»

«እናንተ ከሁሉም ቀምሳችሁ ትነሣላችሁ። እኛ የጀመርነውን እንጨርሳለን።»

«እኔንም ትጨርሺኛለሽ ማለት ነው?»

«የምትረባ ከሆነ» አለችውና ትልቁን ድንች ከእጁ ቀማችው።

እንዲህ ነበሩ። አንዱ ካልነካካ ሌላው ይከፋዋል። ብርዱ ሲጠና ፈርገስ የአባቱን የዓሣ ማመላለሻ መኪና እየነዳ ይመጣ ጀመር። መኪናው ዓሣ ዓሣ ይላል፤ የአንድ በኩል መስኮቱ አይዘጋም፤ ሮወና ግን ከዚያች መኪና የተሻለ ቦታ አታውቅም ነበር። እዚያ ውስጥ ሆነው ነው ኤዲንብራ አብረው ሊማሩ የተስማሙት፤ እሱ ሕግ፣ እሷ የምድርና የድንጋይ ጥናት። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ድንጋይ ፍለጋ ገደል ስር ስትንበረከክ ያደገች ናት። አሁን ግን ድንጋዩንም ከእሱ ነጥላ ማሰብ አቅቷታል፤ ኤዲንብራ ማለት ፈርገስ ነው፤ ከዚያ ሌላ የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

ጥር ላይ የሁለቱም መልስ መጣ። የፈርገስ ቀላል ነው፤ ውጤቱ በእጁ ስላለ ዩኒቨርሲቲው ዕቃውን አይቶ እንደሚገዛ ሰው «ና ግባ» አለው፤ አለቀ። የሮወና ግን እንደዚያ አይደለም። እንግሊዝ አገር ተማሪ የሚያመለክተው ገና ሳይፈተን፣ መምህሮቹ በገመቱለት ውጤት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በግምት ተቀበላትና በሰኔው ፈተና አንድ ኤ እና ሁለት ቢ ካመጣሽ ትገቢያለሽ፣ ካላመጣሽ ቀረ አላት። ቤሪክ ውስጥ «ተቀበሉኝ» የሚል ልጅ ሲገኝ አትክልት ሻጩ እንኳ «በስንት ውጤት?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ሮወና ስልክ ደውላ «ተቀበሉኝ» አለችው።

«ተቀበሉን» አለ ፈርገስ። አልጮኸም፤ ራሱን እንደሚያሳምን ሰው ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጦ ለእናቱ ሲነግራት፣ እናቱ ስትስቅ፣ ውሻቸው ሲያላዝን ተሰማት። ስለሚጠበቅባት ውጤት ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ ተመልሶ እስኪመጣ ደስታው እሷንም ወሰዳት። ደግሞም ያውቀዋል ብላ ነው። እሷ የምታውቀውን ነገር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስላት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሁላችንም እንደዚያ ነን።

ፈርገስ ግን አያውቅም። እሱ ክፍል ውስጥ «ተቀበሉኝ» ያለ ሁሉ ውጤቱን ይዞ ተቀብለውታል፤ የቀረው ዓመት ኳስ መጫወቻና መኪና መማሪያ ነው። ጎረቤት አገር ያሉት ልጆች በምን ተይዘው እንደሚከርሙ ጠይቆም አያውቅ።

ሮወና ይህን የተረዳችው መጋቢት ላይ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ መኪናውን አቁመዋል፤ ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖታል፤ እሷ የኬሚስትሪ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ፈርገስ መጽሐፉን በአንድ ጣቱ ዘጋውና፣ «ካለቀ በኋላ ምን ያደክምሻል? ተቀብለውሽ የለ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው። የሚቀልድ መስሏት ነበር፤ ዓይኑ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

«እኔ እኮ» አለ ቀጠለና፣ «አንቺ ዘንድ ስመጣ ነው የሚቀለኝ። ቤት ስገባ አባቴ ስለ ንግዱ ይፈራል፣ እናቴ ስለ አባቴ ትፈራለች። አንቺ ምንም አትፈሪም። እንዳንቺ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ነገሩ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን «ምንም አትፈሪም» የተባለችውን ልጅ መሆን አማራት። ሌሊቱን በፍርሃት የምታድረውን ሮወናን ወደዚያ መኪና ማስገባት አልፈለገችም። መጽሐፉን ወደ ጎን ገፍታ ትከሻው ላይ ተደገፈች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር መናገሩ እየባሰ ከበዳት።

እናቷ ዶሪን ጸጉር ቤት አላት። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስታጥብ የምትውል ሴት፣ ራስ ውስጥ ያለውም አያመልጣትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ምሽት ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ «ልጁ አያውቅም አይደል?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ነዋ። እሱ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ተቀምጧል፤ አንቺ ገና ውሃው መሐል መሆንሽን ማን ይንገረው? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ የኔ ልጅ።»

ሮወና እናቷ ልክ መሆኗን እያወቀች፣ ራሴን አመመኝ ብላ ወደ ክፍሏ ወጣች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ይኸው ነው። ዶሪንም ሁለተኛ አላነሣችውም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓሣ መኪናው በር ላይ ሲቆም ሰላምታዋ አጠረ።

ሰኔ ገባ። ሮወና ለፈርገስ በዚህ ሳምንት አትምጣ አለችው፤ ለምን እንደሆነ አላብራራችም፤ ሥራ አለብኝ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከመጀመሪያው ፈተና ተመልሳ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች፤ ሁለተኛውንም ተፈትና ተመለሰች። ደኅና ነበር። የቀራት የምትፈራው ኬሚስትሪ ነው፤ የዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ለእሱ ቆጥባ፣ ያልገባትን ምዕራፍ ልትጨርስ ጠረጴዛዋን አዘጋጅታ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ፈርገስ ገርጥቶ ቆሟል።

«ሰለቸሁሽ?» አላት።

«ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝም። ካልሰለቸሁሽ ምንድን ነው? ሌላ ሰውም ካለ ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።»

እንደማይችለው ፊቱ ላይ ይነበባል። ሮወና ደረጃው ላይ ቆማ ወደ ላይ፣ ወደ ክፍሏ በር ተመለከተች፤ ከዚያ እሱን አየች። የእናቷ ኮት ማንጠልጠያው ላይ ነበር፤ እሱኑ አውርዳ ለበሰችና፣ «ና፣ ባሕር ዳር ውሰደኝ» አለችው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ኮልዲንግሃም ባሕር ዳር ሰው አልነበረም። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል፤ እነሱ ግን ጫማቸውን አውልቀው ዳር ዳሩን ሄዱ። ፈርገስ ድንጋይ እያነሣ ይህስ ዕድሜው ስንት ነው እያለ ይጠይቃታል፤ እሷ ስትነግረው አፉን ገርበብ አድርጎ ይሰማታል። ደስ ብሎት አንዳንዴ ሆን ብሎ ተራ ጠጠር አንሥቶ ይሰጣታል። የቀዘቀዘ እጇን ይዞ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ እዚያው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሞቀላት። ሮወና በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። የነገው ፈተና ደጋግሞ ትዝ ይላታል፤ ያም ሆኖ እንመለስ ማለት አልቻለችም።

በማግስቱ ወረቀቱን ስትገልጠው፣ ያልጨረሰችው ምዕራፍ ከላይ ተቀምጧል። የምትችለውን ጽፋ ወጣች።

የእንግሊዝ ልጆች ውጤት የሚነገረው ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ሮወና ወረቀቷን ከመምህሯ እጅ ተቀበለች። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይላል፤ እንደ ሕፃናት ፊደል ተደርድሮ። ሲ የሆነው ኬሚስትሪ ነው። መምህሯ ፊቷን አይተው ቢሮ አስገቧትና ራሳቸው ደውለው ስልኩን ሰጧት። ከኤዲንብራ ያነሣችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ክፍሉ ሞልቷል፣ በጣም እናዝናለን አለቻት። ሮወና አመስግና ስልኩን መለሰች።

ከግቢው ስትወጣ የዓሣ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ፈርገስ ተደግፎት ይጠብቃታል። እሱ ከአጎቱ ልጅ ጋር የሚጋሩትን ቤት ኤዲንብራ ላይ አግኝቶ፣ ትናንት ለዚያው ቤት ቀይ የሻይ ማፍያ ገዝቷል፤ አሁን ሊያሳያት ታቅፎታል።

«አልገባሁም» አለችው።

«የት?»

«ኤዲንብራ። ኬሚስትሪ አንድ ደረጃ ጎደለኝ።»

ፈገግ አለ። «ምን ሆነሻል? ጥር ላይ ተቀብለውሽ የለ እንዴ?»

«ይህን ካመጣሽ ብለው ነው የተቀበሉኝ። እኛ ጋ ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚቀበሉት፣ ፈርገስ። ውጤት ሳይመጣ የገባ የለም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ የሚያነሣው ጠፋ። ተማሪዎች እየተቃቀፉ፣ አንዳንዱም እያለቀሰ በአጠገባቸው ያልፋል። ካፊያ ጀመረ።

«እና ያን ቀን» አለ በመጨረሻ፣ «ባሕር ዳር የሄድን ቀን…»

«በማግስቱ ፈተና ነበረኝ።»

እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የሻይ ማፍያውን ቀስ ብሎ አጠገቡ አስቀመጠው፤ ካፊያው ላዩ ላይ ያንጠባጥባል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«አትፈሪም አልከኝ። ወደድኩት።»

እንዲህ ብላው እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። እስኪረጥቡ ድረስ እዚያው ተቀምጠው ቆዩ።

በነጋታው እኔም አልሄድም አለ፤ ፈተናሽን ድገሚ፣ እኔም አንድ ዓመት እቆያለሁ አላት። ሮወና እምቢ አለች። አንዱን ዓመት እናቱ አስቀርታዋለች፣ ሁለተኛውን እኔ አላስቀረውም አለች። የተረፈ ቦታ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ሳምንት በስልክ ይቀበላሉና ካርዲፍ አገኘች፤ የድንጋይ ጥናቱ እዚያም አለ። ግን ካርዲፍ ዌልስ ውስጥ፣ ሌላው የአገሪቱ ጫፍ ነው፤ በባቡር ተሳፍሮ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ሁለቱም በጣታቸው እየቆጠሩ ተጽናኑ፤ የስኮትላንዱ ትምህርት አራት ዓመት ነው፣ የዌልሱ ሦስት፤ ስለዚህ እሷ ቀድማው ትጨርስና ኤዲንብራ ትመጣለች። ዶሪን ይህን ስትሰማ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልተቃወመችም።

ርቀቱ ቢሆንማ ይቻል ነበር። ፍቅራቸውን የበላው ይቅርታ ነው።

የፈርገስ ደብዳቤ ሁሉ በይቅርታ ይጀምራል። ስልክ ሲደውል፣ እያጠናሽ ነው እንዴ፣ ልዝጋው? ይላታል። ለገና ሲገናኙ፣ ወደቡ ድረስ እንሂድ ስትለው፣ ሥራ የለብሽም ወይ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ እንደ በሽተኛ ያያታል። መጽሐፍ ይዛ ካገኛት በእግር ጣቱ እየረገጠ ይወጣል። ሮወና የድሮውን ልጅ ልትመልሰው ሞከረች። የድንች ጥብስ ገዝታ፣ ትልቁን ቀምታ፣ «አራት ዓመት ምን ያደርግላችኋል? እናንተ ቀስ ብሎ ነው እንዴ የሚገባችሁ?» አለችው። የድሮው ፈርገስ ቢሆን ለዚህ ሳምንት የሚያስቅ መልስ ነበረው።

«ልክ ነሽ» አላት፣ ድንቹንም ለእሷ ገፋላት።

ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ኤዲንብራ የቀረባት ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። የምትወደው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነው የናፈቃት፤ እሱም የሚወዳት ያው እንደ በፊቱ ነው፤ ግን ፍቅሩ ሁሉ ማስታመም ሆኗል።

ለፋሲካ መጥታ ስትመለስ ቤሪክ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኛት። ጉም ነው፤ የባሕሩ ድምፅ ይሰማል እንጂ ባሕሩ አይታይም። ሻንጣዋን ይዞላት፣ ብርድ እንዳይመታት ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሞላት፣ ትኬቷን እንዳትረሳ አስታወሳት። ሮወና ኮቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ራሷ አዞረችው።

«ተቆጣኝ» አለችው።

«ምን?»

«አንዴ እንኳ ተቆጣኝ። ከጥር እስከ ነሐሴ ዋሸሁህ። ዓይንህን እያየሁ ዋሸሁህ። ስትጠይቀኝም ዋሸሁህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስደበኝና ይለፍልን።»

ፈርገስ እጇን ከኮቱ ላይ ሳያላቅቅ፣ «አንቺን እንዴት እቆጣለሁ?» አላት። «መጽሐፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ያስዘጋሁህ እኔ ነኝ።»

«አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ።»

እንዲህ ሲላት ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ውስጡ ቁጣ ትፈልግ ነበር። የለም። ያልከሰሳት ሰው ይቅር ሊላት እንደማይችል ያን ጊዜ ገባት፤ ጥፋቱን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞት፣ ለእሷ የሚሆን አንዲት እንኳ አላስቀረም። ባቡሩ መጣ። በሩ ሲከፈት ሻንጣዋን አስገባላት።

«ከእንግዲህ አትጻፍልኝ» አለችው።

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ራሱን በእሺታ ነቀነቀና፣ «ይቅርታ» አላት።

በሩ ተዘጋ። ሮወና መስታወቱ ላይ ተጣብቃ ጠበቀች፤ መስታወቱን እንዲመታው፣ ውሸታም ብሎ እንዲጮህባት ለመነች። ፈርገስ እጁን አንሥቶ ቆሞ ቀረ። ባቡሩ ቀስ ብሎ ተነሣና ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ጉሙ ጣቢያውንም ልጁንም ሸፈናቸው። ውሸታም ቢላት ኖሮ፣ ወርዳ ታቅፈው ነበር።